የጎረቤት ቀልድ፦ ካናዳውያንና አሜሪካውያን በጦርነት፣ በሽብርና በፖለቲካ ፌዝ ላይ

ዶን ሸለቆ (ቶሮንቶ) ክሩን ከፍተዋል፦

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድማችን «ካናዳዊ ሰላም ወዳድ፣ አሜሪካዊ ጦር ናፋቂ ነው፤ ካናዳዊ በራሱ መሳቅ ያውቅበታል፣ አሜሪካዊ ግን በሰው እንጂ በራሱ አይስቅም» ብለው ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘግተው አለፉ። እዚህ ቶሮንቶ ይህን አባባል በየቡና ቤቱ ስለምሰማው አልገረመኝም፤ መደጋገሙ ግን እውነት አያደርገውምና አንድ ጉዳይ አንሥቼ ልሞግተው እወዳለሁ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

በማርች 2009 የካናዳ ምድር ጦር አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አንድሩ ሌስሊ በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ የአፍጋኒስታኑ ተልዕኮ በ2011 ሲያበቃ ሠራዊቱ በሰውም በመሣሪያም ስለሚጎዳ ለአንድ ዓመት ያህል ፋታ ሊያስፈልገው እንደሚችል ተናገሩ። ደረቅ የአስተዳደር ጉዳይ ነበር። ፎክስ ኒውስ ላይ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚተላለፍ «ሬድ አይ» የሚባል የፌዝ ፕሮግራም ነበርና አዘጋጁ ግሬግ ገትፌልድ ወሬዋን አነሣት። የካናዳ ጦር ፋታ የፈለገው ዮጋ ሊሠራ፣ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሊሥልና አጠር ያለ ነጭ ሱሪ ለብሶ በባሕር ዳርቻ ሊሮጥ ነው አለ፤ ጦር የሌለውን ይህን አስቂኝ አገር ለመውረር ከአሁን የተሻለ ጊዜ የለም ሲልም አከለበት። አብሮት የነበረ አንድ ኮሜዲያን ደግሞ ካናዳውያን በጦርነቱ ውስጥ መኖራቸውን ጭራሽ እንደማያውቅ፣ ካናዳን መዋጋት ያልፈለገ ሰው የሚሸሽባት አገር አድርጎ ይቆጥራት እንደነበር ተናገረ።

በተላለፈበት ሌሊት ካናዳ ውስጥ ያስተዋለው ሰው ያለ አይመስልም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን 4 የካናዳ ወታደሮች በካንዳሃር ግዛት በሁለት የተለያዩ ፍንዳታዎች ተገደሉ፤ ቪዲዮው በዩቲዩብ የተሠራጨውም አስከሬናቸው ወደ አገር በገባበት ሰሞን ነበር። አገሩ በቁጣ ተነሣ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒተር ማኬይ ይቅርታ እንዲጠየቅ በአደባባይ ጠየቁ፣ ገትፌልድም የካናዳን ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸውን ለመናቅ አስቦ እንዳልሆነ ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ካናዳ በአፍጋኒስታን ከመቶ በላይ ወታደሮች አጥታ ነበር።

ለእኔ እንቆቅልሽ የሆነው የካናዳውያን ቁጣ ነው። ከዚያ 8 ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 2001፣ ሪክ መርሰር የተባለው የኒውፋውንድላንድ ቀልደኛ አሜሪካውያንን በየመንገዱ እያስቆመ ስለ ካናዳ የፈጠራ ወሬ የሚያስወራበት ልዩ ዝግጅት በካናዳ የሕዝብ ማሰራጫ በሲቢሲ ሲቀርብ አገሩ በሳቅ ፈርሶ ነበር። የባሕር ጠረፍ በሌላት በሳስካችዋን የሚካሄደውን አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ አደን እንዲቃወሙ የተጠየቁ ሰዎች ከልባቸው አዝነው ተቃወሙ፤ የአርካንሶ አገረ ገዥ የነበሩት ማይክ ሃካቢ ካናዳን ስለ «ብሔራዊ የበረዶ ጎጆዋ» እንኳን ደስ አላችሁ አሉ። ጆርጅ ቡሽም በ2000 የምርጫ ዘመቻ ላይ ሳሉ «ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ፑቲን» እንደሚደግፏቸው በመርሰር ሲነገራቸው ድጋፉን በምስጋና ተቀብለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣን ክሬቲየን ሲሆኑ፣ ፑቲን ደግሞ መረቅና አይብ የሚደረግበት የኩቤክ የድንች ጥብስ ነው።

እንግዲህ በ2001 ያሳቀንም በ2009 ያስቆጣንም ያው የአሜሪካ አለማወቅ ነው፤ በመካከል የገባው የሬሳ ሣጥን ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ሕዝቦች ልዩነት በባሕርይ ሳይሆን በአቀማመጥ ይመስለኛል፦ ትንሹ ጎረቤት ትልቁን ቀን ከሌት ይመለከታል፣ ትልቁ ግን ወደ ትንሹ አይዞርም። ሌሎቻችሁ ምን ትላላችሁ?

ፖቶማክ (ሰሜን ቨርጂኒያ) መልሰዋል፦

ጤና ይስጥልኝ ዶን ሸለቆ። ጉዳዩን በተጨባጭ ነገር ስለጀመሩት አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በሚተላለፍ ፕሮግራም የአንድን ሕዝብ ጠባይ መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። እዚህ ብዙ ሰው ያንን ፕሮግራም ያወቀው ካናዳውያን ከተቆጡ በኋላ ነው።

አሜሪካዊ በራሱ ጦርነት አይስቅም መባሉን ግን አልቀበልም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ይስቃል። በማርች 24 ቀን 2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ በዋሽንግተን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በተዘጋጀ እራት ላይ ጎንበስ ብለው በቢሯቸው ዕቃዎች ሥር ሲፈልጉ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን እያስመለከቱ፣ እነዚያ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች እዚህ አንድ ቦታ መሆን አለባቸው እያሉ ቀለዱ። አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ምሽት በኢራቅ የሞቱት አሜሪካውያን ወታደሮች ከ500 አልፈው ነበር፤ የሞቱትን ኢራቃውያን ማንም በዚያ አዳራሽ አላነሣቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቀልደኛው ስቲቨን ኮልቤር በዋይት ሐውስ ዘጋቢዎች እራት ላይ፣ ቡሽ ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው እየሰሙት፣ በጦርነቱም በፕሬዚዳንቱም በጋዜጠኞቹም ላይ ሲሳለቅ አመሸ። የትኛው የካናዳ ቀልደኛ ነው በአገሩ መሪ ፊት ያን ያህል የደፈረ?

በእርግጥ አሜሪካም የምትደነግጥበት ጊዜ አላት። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት 6 ቀን በኋላ ቀልደኛው ቢል ማር በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ፣ ከ2,000 ማይል ርቀት ሚሳይል መተኮስ ፈሪነት እንጂ የጠላፊዎቹ ድርጊት ፈሪነት ሊባል አይችልም የሚል ሐሳብ ሲሰነዝር ትልልቅ ማስታወቂያ ሰጪዎች ጥለውት ሄዱ፤ የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ አሪ ፍላይሸር ሰው ሁሉ የሚናገረውን ቢጠነቀቅ ይሻላል አሉ፣ ፕሮግራሙም በ2002 ተዘጋ። በሴፕቴምበር 2001 መጨረሻ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለው የቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራም ሲመለስ አዘጋጁ ሎርን ማይክልስ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር የቆሙትን የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒን «ማሳቅ እንችላለን?» ብሎ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም «አሁን ደግሞ ምን ለመጀመር?» ብለው በቀልድ መለሱለት። ማይክልስ የቶሮንቶ ልጅ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ አሜሪካ ፈቃድ ጠይቃ ዳግመኛ መሳቅ የጀመረችው በካናዳዊ አፍ ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ እዚህ ጦርነት ወሬ ብቻ አይደለም። ከፔንታገን በር ታክሲያቸውን የሚያቆሙ ወገኖቻችን አሉ፤ ልጆቻቸው ወታደር ሆነው ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱባቸው እናቶች በቤተ ክርስቲያናችን አሉ። ካናዳ ሰላም ወዳድ የሆነችው በማን ጥላ ሥር ተቀምጣ እንደሆነ መጠየቅም ይገባል።

የኤድመንተኗ (አልበርታ) መልሰዋል፦

ወንድሜ ፖቶማክ፣ «በማን ጥላ ሥር» የሚለው አነጋገርዎ እዚህ ከተማ እንዴት እንደሚሰማ ልንገርዎ።

የኤድመንተን ጦር ሰፈር ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ እኔም ከዚያ ሩቅ አልኖርም። በኤፕሪል 2002 ከዚህ የሄዱ ወታደሮች በካንዳሃር አቅራቢያ ታርናክ እርሻ በሚባል ቦታ የሌሊት የተኩስ ልምምድ ሲያደርጉ፣ ከበላያቸው ይበር የነበረ አሜሪካዊ የኤፍ 16 አብራሪ የተተኮሰበት መስሎት 227 ኪሎ የሚመዝን ቦምብ ጣለባቸው። 4 ሞቱ፣ 8 ቆሰሉ። ከኮሪያ ጦርነት ወዲህ ካናዳ በውጊያ ቀጣና ያጣቻቸው የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች በወዳጅ እጅ የሞቱ መሆናቸው እዚህ እስከ ዛሬ አልተረሳም። ቡሽ ለክሬቲየን ስልክ ደውለው ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ በአደባባይ ሲናገሩ ውለው ስለ ሟቾቹ አለማንሣታቸው ከአደጋው እኩል ያመመው ሰው ብዙ ነው። አብራሪው በ2004 የጽሑፍ ወቀሳና ከ5,000 ዶላር በላይ የገንዘብ ቅጣት ተወሰነበት።

እንግዲህ የ2009ኙ ቀልድ የወደቀው በዚህ ቁስል ላይ ነው። ካናዳውያንን ያስቆጣው ዮጋው አይመስለኝም። «መኖራቸውንም አላውቅም ነበር» የሚለው ነው። የሚሰድብህ ሰው ቢያንስ አይቶሃል።

ስለ አስከሬን አሸኛኘትም አንድ ነገር ልጨምር። የወታደሮቹ አስከሬን ትሬንተን አየር ሰፈር አርፎ ወደ ቶሮንቶ ይጓዝ የነበረው በ401 አውራ ጎዳና ነው። ማንም ሳያዛቸው ሰዎች በየድልድዩ ላይ መቆም ጀመሩ፤ የእሳት አደጋ መኪኖች መሰላላቸውን ዘርግተው፣ የቀድሞ ወታደሮች ሜዳሊያቸውን አንጠልጥለው፣ ሕፃናት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ያሳልፉ ነበር። በ2007 የኦንታርዮ መንግሥት ያንን የመንገዱን ክፍል የጀግኖች አውራ ጎዳና ብሎ ሰየመው። አሜሪካ ግን ከ1991 ጀምሮ እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ በዶቨር አየር ሰፈር የሚገቡ የሬሳ ሣጥኖች ፎቶግራፍ እንዳይነሡ ከልክላ ነበር። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር የስቲቨን ሃርፐር መንግሥትም በ2006 ይህንኑ ሊቀዳ ሞክሮ የሟች ቤተሰቦችና ሕዝቡ ስለተቃወሙት ተወው።

የታሪክ ደብተር (ሞንትሪያል) መልሰዋል፦

እህቴ የኤድመንተኗ የጻፉት ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ ካናዳ ከጦርነት ጋር ያላትን ግንኙነት ከ2001 ብቻ መጀመር ሥዕሉን ያዛባዋል።

የካናዳውያን የሰላም አስከባሪነት ኩራት የሚጀምረው ከሌስተር ፒርሰን ነው። በ1956 የሱዌዝ ቀውስ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በተፋላሚዎቹ መካከል እንዲገባ ሐሳብ አቅርበው በማግሥቱ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በኤፕሪል 1965 ፊላደልፊያ በሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ቬትናም ላይ የሚደረገው የቦምብ ድብደባ ለጊዜው ቢቆም መልካም ነው ሲሉ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በማግሥቱ ካምፕ ዴቪድ ጠርተው ኮሌታቸውን ይዘው ጮኹባቸው። በሚቀጥሉት ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ወጣቶች ከምልመላ ሸሽተው ወደ ካናዳ መጡ። ያ ኮሜዲያን «የሚሸሹባት አገር» ያለው ከዚህ ዘመን የቀረ ትዝታ ነው።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ካናዳውያን ድንበር ተሻግረው በአሜሪካ ጦር በፈቃዳቸው ተመዝግበው ቬትናም ዘምተዋል፤ የካናዳ ፋብሪካዎችም ለአሜሪካ ጦር ዕቃ ሲያቀርቡ ነበር። በኢራቅም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ክሬቲየን በማርች 17 ቀን 2003 የጸጥታው ምክር ቤት ሳይፈቅድ ካናዳ እንደማትዘምት ለፓርላማ ሲያስታውቁ የፓርቲያቸው አባላት ቆመው አጨበጨቡ፣ ይህን ሁላችንም በኩራት እናወሳዋለን። በልውውጥ መርሐ ግብር ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች ጋር የነበሩ የካናዳ መኮንኖች ግን እዚያው ቀሩ፤ በኋላ የካናዳ ጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም የሆኑት ዋልተር ናቲንቺክ በ2004 ኢራቅ ውስጥ የአንድ አሜሪካ ኮር ምክትል አዛዥ ነበሩ። የተቃዋሚው መሪ ስቲቨን ሃርፐርም ውሳኔውን አጥብቀው ነቅፈው ለአሜሪካ ጋዜጣ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰው ነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ መረጣቸው። ሰላም ወዳድነቱ እውነት ነው፤ ብቻውን የቆመ ግን አይደለም።

ኮሪያንም አንርሳ። ከ26,000 በላይ ካናዳውያን ዘምተው 516 ሞተዋል። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፈበት በዚያው ምድር፣ በኤፕሪል 1951 የካናዳ አንድ ሻለቃ በካፕዮንግ ሸለቆ ከብዙ እጥፍ ጦር ጋር ተናንቆ ቦታውን አለቀቀም። ካናዳ ጦር የላትም ብሎ የሚያፌዝ ሰው ይህን አያውቅም፤ ካናዳ ውስጥ ያደጉ ልጆቻችንም አያውቁትም።

ሽብርን በተመለከተ የምኖርባት ከተማ ምስክር ናት። በኦክቶበር 1970 የኩቤክ ነጻ አውጪ ግንባር የብሪታንያን የንግድ ተወካይና የኩቤክን ሚኒስትር ፒየር ላፖርትን ሲጠልፍ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒየር ትሩዶ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄዱ የጠየቃቸውን ጋዜጠኛ «ጠብቅና ታያለህ» በሚል መንፈስ መለሱለት፤ ከሦስት ቀን በኋላም የጦርነት እርምጃዎች ሕግን አወጁ። ላፖርት በማግሥቱ በመኪና ሻንጣ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተያዙ፣ ከመካከላቸው ዘፋኞችና ገጣሚዎች ነበሩባቸው፣ አብዛኞቹም ክስ ሳይመሠረትባቸው ተለቀቁ። አብዛኛው ካናዳዊ ደግፎት ነበር። ስለዚህ አሜሪካ ከ2001 በኋላ ያወጣችውን ሕግ ስንነቅፍ ድምፃችንን ትንሽ ዝቅ ብናደርግ መልካም ነው።

የኦታዋ ነዋሪ መልሰዋል፦

የታሪክ ደብተር 1970ን ካነሡ እኔ 1985ን ላንሣ፤ ካናዳ ስለ ሽብር ያላትን አመለካከት ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው እሱ ነውና።

በጁን 23 ቀን 1985 ከካናዳ የተነሣው የኤየር ኢንዲያ 182ኛ በረራ በአየርላንድ ጠረፍ አቅራቢያ በቦምብ ፈንድቶ 329 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ የካናዳ ዜጎች ነበሩ፤ ቦምቡም የታቀደውና የተጫነው በካናዳ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 በፊት በአውሮፕላን ላይ ከደረሱ የሽብር ጥቃቶች ሁሉ ይህን ያህል ሰው የፈጀ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን ማልሮኒ ግን የሐዘን መግለጫ ያደረሱት ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር! የራሳቸው ዜጎች የሞቱባቸው ቤተሰቦች ቶሮንቶና ቫንኩቨር ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሰሙ። የስለላ ድርጅቱ የቀዳቸውን የስልክ ንግግሮች ራሱ ደመሰሳቸው፤ በ2005 ሁለቱ ዋና ተከሳሾች ነጻ ተባሉ፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው፣ ከ25 ዓመት በኋላ። በአሜሪካ 329 ነጭ አሜሪካውያን እንዲህ ቢሞቱ ኖሮ ምን ይደረግ እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም፤ ቡናማ ቆዳ ያላቸው ካናዳውያን ሲሞቱ ግን አገሩ ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ አሳለፈው። ካናዳውያን ስለ ሽብር ሲናገሩ የሚደነቅላቸው እርጋታ አንዳንዴ እርጋታ ሳይሆን ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው አለመውሰድ ነው።

የማህር አራርም ጉዳይ አለ። ሶርያ የተወለደው ይህ የኦታዋ መሐንዲስ በሴፕቴምበር 2002 ወደ ቤቱ ሲመለስ ኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዞ ወደ ሶርያ ተላከ፤ እዚያም አንድ ዓመት ገደማ ታስሮ ተሠቃየ። አሜሪካውያኑ የተመሠረቱበትን የተሳሳተ መረጃ የሰጣቸው የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ እንደነበር በ2006 የዳኛ ዴኒስ ኦኮነር አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። የፖሊሱ ኮሚሽነር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ2007 መጀመሪያ ሃርፐር በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀው 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሳ ተከፈለው። አሜሪካ ግን በተከታታይ ስሙን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርዝር ውስጥ አላወጣችም፣ ክሱንም ፍርድ ቤቶቿ የብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ነው ብለው አልተቀበሉትም። ልዩነት ካለ እዚህ ላይ ነው የማየው፦ ሁለቱም በደሉ፣ አንዷ ግን መዝገቧን ከፍታ አነበበችው።

በኦክቶበር 22 ቀን 2014 አንድ ታጣቂ በብሔራዊ የጦርነት መታሰቢያ ላይ ዘብ የቆመውን ኮርፖራል ኔታን ሲሪሎን ገድሎ ፓርላማ ሲገባ እኔ ከዚያ ጥቂት መንገዶች አልፌ ባለ ሕንፃ ውስጥ ነበርኩ፤ በሮች ተዘግተውብን ውለናል። የሲቢሲው ፒተር ማንስብሪጅ ያልተረጋገጠውን አልተረጋገጠም እያለ ቀስ ብሎ ሲያወራ መዋሉን የአሜሪካ ጋዜጠኞች ራሳቸው አድንቀው ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ፓርላማው የስለላ ድርጅቱን ሥልጣን እጅግ የሚያሰፋ ሕግ አጸደቀ። ጥሩ ዜና አቅራቢ ማለት ጥሩ ሕግ ማለት አይደለም።

የመድረኩ አስተናባሪ፦

ክሩ ወደ ሕንድና ካናዳ አለመግባባት ሊዞር ሲል የተጻፉ ሁለት መልሶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬአለሁ። እባካችሁ በርእሱ ላይ እንቆይ።

ሕግ አጥኚ (ካልጋሪ) መልሰዋል፦

እስካሁን ቀልድን ከሕግ አንጻር ያየው የለምና ልሞክር።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 አንድ የወሲብ መጽሔት በታዋቂው ሰባኪ ጄሪ ፎልዌል ላይ ያወጣውን እጅግ ነውረኛ ፌዝ ሲመለከት፣ የአደባባይ ሰው ስሜቱ ስለተጎዳ ብቻ ካሳ ሊያገኝ እንደማይችል ያለ ልዩነት ወሰነ። የካናዳ የመብቶችና ነጻነቶች ቻርተር ግን በመጀመሪያው አንቀጹ መብት ሁሉ ምክንያታዊ ገደብ እንዳለው ይናገራል፤ በዚሁ መሠረት በ1990 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆን ተብሎ ጥላቻ መቀስቀስን ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ በ4 ለ3 ድምፅ አጸናው። የኩቤኩ ኮሜዲያን ማይክ ዋርድ በአንድ አካል ጉዳተኛ ወጣት ዘፋኝ ላይ በመቀለዱ 35,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር፤ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ነጻ አለው። በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ! አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ክስ ከመጀመሪያው በር አያልፍም ነበር።

ይህ ሲታይ አሜሪካዊው ቀልደኛ ነጻ፣ ካናዳዊው የታሰረ ይመስላል። አሠራሩ ግን እንደ ወረቀቱ አይደለም። ፖቶማክ ያነሡትን ቢል ማርን ፍርድ ቤት አልነካውም፤ የነካው ማስታወቂያ ሰጪ ነው። በሴፕቴምበር 2025ም ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀልደኛውን የጂሚ ኪሜልን ፕሮግራም ለቀናት ያቆመው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀ መንበር ብሬንደን ካር በጣቢያዎቹ ላይ እርምጃ ሊወሰድ እንደሚችል ካስጠነቀቁ በኋላ ነበር። ሕጉ የሰጠውን ገበያው ይነጥቃል፤ አንዳንዴ ባለ ሥልጣን ገበያውን ትከሻውን ይነካዋል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የፖለቲካ ፌዙ ጠንካራ ቤት የሆነው በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው ሲቢሲ ነው፤ መንግሥትን የሚሳደበው በመንግሥት ደመወዝ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ለአዲስ አበባ ዘመዶቼ ሳስረዳ የሚያምነኝ አላገኘሁም።

ዶን ሸለቆ (ቶሮንቶ) መልሰዋል፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ፖቶማክ «የትኛው ካናዳዊ ቀልደኛ ነው የደፈረ?» ላሉት በ2000 የሆነውን ላስታውስዎ። የካናዳ አሊያንስ ፓርቲ መሪ ስቶክዌል ዴይ ከመራጩ 3 በመቶ የሚሆነው ከፈረመ በጉዳዩ ላይ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ይፈልጉ ነበር። መርሰር በሲቢሲው ሳምንታዊ የፌዝ ዜና ላይ ወጥቶ፣ እንግዲያው ስቶክዌል ዴይ የመጀመሪያ ስማቸውን ዶሪስ ብለው እንዲቀይሩ ፈርሙ አለ፤ ዶሪስ ዴይ የታወቀች አሜሪካዊት ተዋናይት ናት። ፕሮግራሙ እንዳስታወቀው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ በኢንተርኔት ተሰበሰበ። ሐሳቡ በክርክር ሳይሆን በሳቅ ሞተ፤ ዴይም በጨዋነት አብረው ሳቁ።

ካናዳውያን በአሜሪካ መሪ ላይ ሲቀልዱ ግን ነገሩ ይከብዳል። በኖቬምበር 2002 ፕራግ ላይ የክሬቲየን የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ለአንድ ጋዜጠኛ ቡሽን ደንቆሮ ነው ማለታቸው ሲሰማ ሥራቸውን ለቀቁ። በ2004 የፓርላማ አባሏ ካሮሊን ፓሪሽ በዚሁ የፌዝ ዜና ላይ የቡሽን አሻንጉሊት በጫማቸው ሲረግጡ ታዩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ማርቲንም ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን አስወጧቸው። ቡሽ ራሳቸው ግን ከዚያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሃሊፋክስ መጥተው ለሴፕቴምበር 11 መንገደኞች ለተደረገው መስተንግዶ ሲያመሰግኑ፣ በ2000 የደገፋቸውን ዣን ፑቲንን ለማግኘት ተስፋ አድርገው እንደነበር በመናገር አዳራሹን አሳቁት። በአራት ዓመት የዘገየች መልስ ብትሆንም ጥሩ መልስ ነበረች። ጋንደር የምትባለው ትንሽ ከተማ በዚያች ዕለት አየር ክልሉ ሲዘጋ 38 አውሮፕላኖችን ተቀብላ መንገደኞቹን በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት እንዳሳደረች ማንሣት ያለብኝ ይመስለኛል፤ በንግግር የማይታየው የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ያ ነው።

አሁን ደግሞ ቀልዱ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀምሯል። በ2024 መጨረሻ ዶናልድ ትራምፕ ማራላጎ ላይ ለጀስቲን ትሩዶ ካናዳ 51ኛዋ ግዛት ትሁን ሲሉ፣ አብረው የነበሩት ሚኒስትር ዶሚኒክ ለብላንክ ቀልድ ነው ብለው ለአገሩ አስረዱ። በጃንዋሪ ትራምፕ የኢኮኖሚ ኃይል እንደሚጠቀሙ ተናገሩ፤ በፌብሩዋሪ ትሩዶ ነገሩ የእውነት ነው ሲሉ ማይክሮፎን ያዛቸው። በዚያው ወር ሞንትሪያል ውስጥ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር በሆኪ ሜዳ ላይ በፉጨትና በጩኸት ተቀበሉት። በ2009 «ለመውረር ጊዜው አሁን ነው» ያለው በሌሊት የሚያፌዝ ሰው ነበር። ያው ዐረፍተ ነገር ከፕሬዚዳንት አፍ ሲወጣ ቀልደኛ ምን ይቀረዋል? የቶሮንቶ ስካርበሮ ልጅ የሆነው ኮሜዲያን ማይክ ማየርስ በማርች 2025 በ«ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የኒው ዮርክ መድረክ ላይ ካናዳ ለሽያጭ አልቀረበችም የሚል ካናቴራ ለብሶ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ቀልድ አልነበረበትም፣ በሆኪ ራስን የመከላከል ምልክት የሆነውን ክርኑን ብቻ አሳየ።

ፖቶማክ (ሰሜን ቨርጂኒያ) መልሰዋል፦

ያም ቢሆን ካናቴራውን ያሳየው የአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ ያጨበጨበውም የአሜሪካ ታዳሚ ነው። በ51ኛ ግዛት ወሬ ላይ ከካናዳ ቀልደኞች እኩል የአሜሪካ ቀልደኞች ሲያፌዙ ከርመዋል።

ለዶን ሸለቆና ለየኤድመንተኗ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት ይመልሱልኝ። አንድ የሲቢሲ ቀልደኛ የገትፌልድን ቀልድ ቃል በቃል በአሜሪካ ወታደሮች ላይ፣ ያውም በሞቱበት ሳምንት ቢያቀርበው ትስቁ ነበር?

የኤድመንተኗ (አልበርታ) መልሰዋል፦

አልስቅም። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ካናዳ ውስጥ የሚስቅ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ጎረቤቴ ካንዳሃር ዘምቶ የተመለሰ የጦሩ ሰው ነው፤ ያንን ቪዲዮ ያኔ በስልኩ አሳይቶኛል። ዮጋው ላይ ሲደርስ ሳቀ። እርስ በርሳቸው የሚቀላለዱት ከዚያ እጅግ የከፋ እንደሆነ፣ እዚያ በነበሩበት ጊዜ ከአሜሪካውያን ወታደሮች ጋርም በዚህ ዓይነት ሲዘላለፉ፣ እነሱ እናንተ ጦር የላችሁም ሲሉ እኛ ደግሞ ቦምብ ከመጣላችሁ በፊት ስልክ ደውሉ እንላቸው ነበር አለኝ። ይህ የታርናክ ነገር ነው፤ አሜሪካውያኑም ገብቷቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር አለኝ። «ጦርነቱ ውስጥ መኖራቸውንም አላውቅም» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ግን ዘጋው። በእኛ ላይ መቀለድ የሚችለው አብሮን የነበረ ሰው ነው፣ ያም አሜሪካዊ ቢሆን ግድ የለኝም ነው ያለኝ። ስለዚህ ወንድሜ ፖቶማክ፣ የእርሱ መልስ ከሁለታችን ወገን ጋር አይስማማም፤ ያ የሲቢሲ ቀልደኛ ካንዳሃር ደርሶ ያውቃል ወይ ብሎ መጀመሪያ ሳይጠይቅ የሚመልስልዎ አይመስለኝም።